የግራፍ ቲዎሪ ተመራማሪ ሥራ፦ ጥያቄው ከየት ይመጣል፣ ማረጋገጫው የት ላይ ይሰበራል

ነጥቦች አሉ፤ አንዳንዶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በመስመር ተያይዘዋል፣ ሌሎቹ አልተያያዙም። ግራፍ የሚባለው ይኸው ነው። መስመሩ ቢረዝም ቢያጥር፣ ቀጥ ቢል ቢጣመም ለውጥ የለውም፤ የሚቆጠረው ማን ከማን ጋር ተያይዟል የሚለው ብቻ ነው። ነጥቦቹ ሰዎች ከሆኑ መስመሩ ትውውቅ፣ ነጥቦቹ ኮምፒውተሮች ከሆኑ መስመሩ ኬብል፣ ነጥቦቹ አተሞች ከሆኑ መስመሩ ኬሚካላዊ ትስስር ሊሆን ይችላል። ተመራማሪው ግን ነጥቦቹ ምን እንደሆኑ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ እንዲህ ያለ አያያዝ ያለው ግራፍ ሁሉ የግድ ይህ ጠባይ ይኖረዋል ወይ?

በዚህ መንገድ አስቦ መልስ የሰጠ የመጀመሪያው ሰው ሊዮናርድ ኦይለር ነው፤ ጊዜውም 1736። በኮኒግስበርግ ከተማ ወንዝ የከፋፈላቸው 4 የብስ ቦታዎችና እነሱን የሚያገናኙ 7 ድልድዮች ነበሩ። እያንዳንዱን ድልድይ አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ ሁሉንም መጨረስ ይቻላል? ኦይለር መንገዶችን አንድ በአንድ ሲሞክር አልዋለም። ወደ አንድ ቦታ ገብቶ ለመውጣት ሁለት ድልድይ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከመነሻውና ከመድረሻው በቀር የእያንዳንዱ ቦታ የድልድይ ብዛት ለሁለት እኩል የሚካፈል መሆን አለበት። በኮኒግስበርግ ግን አንዱ ቦታ 5፣ ሦስቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው 3 ድልድይ ነበራቸው። አራቱም ጎዶሎ ናቸውና ጉዞው አይቻልም። ሺህ ሰው ሺህ ጊዜ ሞክሮ ቢያቅተው እንኳ እንዲህ ያለ እርግጠኛነት አይገኝም።

ከዚያ ወዲህ ዘርፉ እጅግ ሰፍቷል፤ የሥራው ጠባይ ግን ያው ነው። ተመራማሪው «ሁልጊዜ እንዲህ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ ይነሳል። ቀጥሎ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ለማፍረስ ሲታገል ይከርማል። የሚያፈርስ ምሳሌ ካገኘ ጥያቄው ተዘጋ። ካላገኘ ደግሞ ምሳሌዎቹ በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ ሲከሽፉበት፣ ለምን እዚያ ላይ እንደሚከሽፉ ይገባዋል፤ ማረጋገጫው የሚወለደው ከዚያ ነው። ይህን ሙያ ከውጭ የሚያይ ሰው ሥራውን ስሌት አድርጎ ይገምተዋል። አብዛኛው ሰዓት የሚያልቀው ግን የራስን ሐሳብ በማጥቃት ነው።

ለስድስት ሰዎች የሚሆን ማረጋገጫ

ነገሩን በቅርብ ለማየት የሚበጀው የራምሴ ጥያቄ ነው። ስሙን ያገኘው ጥናቱ በ1930 ከታተመለትና በዚያው ዓመት በ26 ዓመቱ ካረፈው እንግሊዛዊው ፍራንክ ራምሴ ነው። ስድስት ነጥቦችን ወስደን እያንዳንዱን ጥንድ በመስመር እናገናኝ፤ 15 መስመር ይወጣል። እያንዳንዱን መስመር እንዳሻን ቀይ ወይም ሰማያዊ እናቅልም። ምንም ዓይነት ብልሃት ብንጠቀም ሦስቱም ጎኖቹ አንድ ዓይነት ቀለም የሆኑ ሦስት ማዕዘን መውጣቱ አይቀርም።

ማረጋገጫው አጭር ነው። አንድ ነጥብ እንምረጥ፤ «ሀ» እንበለው። ከእሱ 5 መስመሮች ይወጣሉ። ቀለሙ ሁለት ብቻ ስለሆነ ከአምስቱ ቢያንስ ሦስቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቀይ ናቸው እንበል፤ ወደ «ለ»፣ «ሐ» እና «መ» ይሄዳሉ። አሁን እነዚህን ሦስቱን እርስ በርስ የሚያገናኙትን መስመሮች እንይ። ከእነሱ አንዱ እንኳ ቀይ ከሆነ ከ«ሀ» ጋር ቀይ ሦስት ማዕዘን ይሠራል። አንዱም ቀይ ካልሆነ ሦስቱም ሰማያዊ ናቸው፤ ያኔ «ለ»፣ «ሐ»፣ «መ» ራሳቸው ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ይሆናሉ። ማምለጫ የለም።

ግን 6 ለምን? 5 አይበቃም? አይበቃም። አምስት ነጥቦችን በክብ ደርድረን የክቡን 5 መስመሮች ቀይ፣ በመሐል ኮከብ የሚሠሩትን 5 መስመሮች ሰማያዊ ብናደርግ አንድ ቀለም ያለው ሦስት ማዕዘን የትም አይገኝም። እዚህ ላይ የሙያው ሁለት እጆች ይታያሉ፦ በአንዱ «ከዚህ በላይ አይቻልም» የሚል ማረጋገጫ፣ በሌላው «እስከዚህ ግን ይቻላል» የሚል ምሳሌ። ሁለቱ አንድ ቁጥር ላይ ሲገናኙ ጥያቄው ያልቃል።

ቀጣዩ ደረጃ አራት ነጥቦች እርስ በርስ በአንድ ቀለም የተያያዙበትን ቡድን ይፈልጋል። መልሱ 18 ነው፤ ግሪንውድና ግሊሰን በ1955 አረጋገጡት። ለአምስት ነጥቦች ቡድን ግን መልሱ ዛሬም አልታወቀም። ጄፍሪ ኤክሱ በ1989 ቢያንስ 43 መሆኑን አሳየ፤ አንገልትቬይትና መኬይ ደግሞ በ2024 ከ46 እንደማይበልጥ አረጋገጡ። ከ43፣ 44፣ 45 እና 46 አንዱ ነው።

ኮምፒውተር ለምን ሁሉንም ሞክሮ አይጨርሰውም? ለስድስት ነጥቦች የማቅለሚያው መንገድ 2 በራሱ 15 ጊዜ ደጋግሞ ሲባዛ 32,768 ነው፤ ይህ ለማንኛውም ማሽን ቀላል ነው። 43 ነጥቦች ግን 903 መስመሮች አሏቸው። 2 በራሱ 903 ጊዜ ደጋግሞ ሲባዛ 272 አሃዝ ያለው ቁጥር ይወጣል። ማሽኑ ቢፈጥን አይረዳም፤ መጀመሪያ አብዛኛውን መንገድ ሳይነኩ የሚጥል ሐሳብ ማግኘት ግድ ነው። መኬይና ራድዚሾቭስኪ ለ42 ነጥቦች የሚሠሩ 656 አቀላለሞች ሰብስበው አንዳቸውም ወደ 43 ነጥብ ሊሰፉ እንደማይችሉ ስላዩ ትክክለኛው መልስ 43 ሳይሆን አይቀርም ብለው ገምተዋል። ግምት ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

ሳይሠሩ መኖሩን ማሳየት

ከዚሁ ጥያቄ የተወለደ አንድ ዘዴ ዘርፉን ከሥር ለውጦታል፤ ስለዚህ ጊዜ ሰጥቶ ማየቱ ይገባል። ፖል ኤርዶሽ በ1947 እንዲህ አሰበ፦ ጥሩ አቀላለም በእጅ ከመሥራት ይልቅ ለእያንዳንዱ መስመር ሳንቲም ብንጥልስ? አንበሳ ከሆነ ቀይ፣ ዘውድ ከሆነ ሰማያዊ።

32 ነጥቦችን እንውሰድና አንድ ቀለም ብቻ ያለው የ10 ነጥቦች ቡድን እንዳይኖር እንፈልግ። ከ32 ነጥቦች 10 መምረጫው መንገድ 64,512,240 ነው። በአንድ የ10 ቡድን ውስጥ 45 መስመሮች አሉ፤ ሁሉም ቀይ ወይም ሁሉም ሰማያዊ የመሆን ዕድላቸው፣ 2 በራሱ 45 ጊዜ ደጋግሞ ሲባዛ ለሚወጣው ቁጥር 2ን ስናካፍል የምናገኘው ነው፤ ማለትም ከ17 ትሪሊዮን በላይ ከሆነ ቁጥር አንድ። የቡድኖቹን ሁሉ ዕድል ብንደምር ከ270,000 አንድ እንኳ አይሞላም። የመበላሸት ዕድሉ ከአንድ ካነሰ፣ የማይበላሽ አቀላለም መኖር አለበት። ማንም ሳይስለው፣ ማንም ሳያየው፣ መኖሩ ተረጋገጠ።

ዛሬ ይህ ዘዴ ለዶክትሬት ተማሪ የመጀመሪያ ዓመት ትጥቅ ነው። ሲጠቀሙበት የሚፈጠረው ዋና ስህተት የክስተቶችን ነፃነት፣ ማለትም የአንዱ መሆን የሌላውን ዕድል አለመለወጡን፣ ያለማጣራት ነው። ሁለት የ10 ቡድኖች ሦስት ነጥብ ከተጋሩ ሦስት መስመር ይጋራሉ፤ ስለዚህ ዕድላቸውን ማባዛት አይፈቀድም። ከላይ ያደረግነው መደመር ስለሆነ አያሳስብም፤ መደመር ጥገኝነት ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል። ልዩነቱን ያልለየ ጀማሪ ከሚገባው በላይ የተጋነነ ውጤት ይጽፋል፤ ገምጋሚውም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ጥያቄ መምረጥ

በሙያው ከሁሉ የሚከብደው ማረጋገጥ ይመስላል። እኛ እንደምናምነው ግን የጀማሪን ዕጣ የሚወስነው የጥያቄው መጠን ነው። በግራፍ ቲዎሪ ትልልቅ ጥያቄዎች ለመረዳት ቀላል ናቸው፤ ወጥመዱም እዚያ ላይ ነው። ኬሊና ኡላም በ1940ዎቹ ያነሱትን የመልሶ መገንባት ግምት እንይ። ከአንድ ግራፍ በየተራ አንድ አንድ ነጥብ ከነመስመሮቹ እያነሳን የቀረውን በካርድ ላይ ብንስል፣ ከካርዶቹ ብቻ ዋናውን ግራፍ ማወቅ ይቻላል? ቢያንስ 3 ነጥብ ላላቸው ግራፎች ሁሉ ይቻላል ተብሎ ይገመታል። ለማንም ሰው በሁለት ደቂቃ ማስረዳት ይቻላል፤ እስከ ዛሬ ግን ማረጋገጫ የለውም። ሦስትና አራት ዓመት ብቻ ያለው የዶክትሬት ተማሪ ይህንን ፊት ለፊት ከገጠመው ባዶ እጁን ሊወጣ ይችላል።

ልምድ ያለው አማካሪ ጥያቄውን ይቆርጠዋል። አንዱ አቆራረጥ የግራፉን ዓይነት መገደብ ነው፤ ኬሊ ራሱ በ1957 ግምቱ ለዛፎች፣ ማለትም ዙሪያ ገጥሞ የሚመለስ መንገድ ለሌላቸው ወጥ (ያልተከፋፈሉ) ግራፎች፣ እውነት መሆኑን አረጋግጧል። ሌላው ከትክክለኛው ቁጥር ይልቅ ወሰኑን ማጥበብ ነው። ሦስተኛው «ነጥቦቹ በጣም ብዙ ሲሆኑ» የሚል ሁኔታ መጨመር ነው፤ ሪንገል በ1963 የገመተው ስለ ዛፎች የተነሳ ጥያቄ በ2020 በሞንትጎመሪ፣ በፖክሮቭስኪና በሱዳኮቭ የተፈታው በዚህ መልክ፣ ለትልልቅ ግራፎች ነበር። ተማሪው ከእነዚህ በአንዱ ገብቶ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ትንሽ እውነተኛ ውጤት ማግኘት አለበት። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ሁሉ የሚቆመው በዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ ከመያዝ በፊት የሚደረግ አንድ ሥራ አለ፤ ብዙዎች ይዘሉታል። ጥያቄው በሌላ ስም ቀድሞ ተፈትቶ እንደሆነ መፈለግ። አንድ ሐሳብ በኮምፒውተር ሳይንስ፣ በስታቲስቲካል ፊዚክስና በግራፍ ቲዎሪ ሦስት የተለያዩ ስሞች ሊኖሩት ይችላል። የዘርፉን ጽሑፎች በሚመድበው ዓለም አቀፍ የሒሳብ አከፋፈል ግራፍ ቲዎሪ 05ሲ በሚል ኮድ ይገኛል፤ ፍለጋው ግን እዚያ ብቻ መቆም የለበትም።

ትንንሾቹን መፈተሽ

ግምት ሲያዝ ወዲያው ይፈተሻል። 4 ነጥብ ያላቸው ግራፎች፣ የነጥቦቹን ስም ካልቆጠርን፣ 11 ናቸው፤ በወረቀት ላይ ሁሉንም መሳል ይቻላል። 5 ነጥብ ሲሆን 34፣ 6 ሲሆን 156፣ 7 ሲሆን 1,044 ይሆናሉ። 10 ላይ 12,005,168 ይደርሳሉ፤ 11 ላይ ደግሞ ከ1 ቢሊዮን ያልፋሉ። ብሬንዳን መኬይ የሠራው «ናውቲ» የሚባል ፕሮግራም እነዚህን ሳይደግም ያወጣል፤ ተራ ኮምፒውተርም የ10ሩን በአጭር ጊዜ ይጨርሳል። ስለዚህ አንድ ግምት ለሰው ከመነገሩ በፊት እስከ 9 ወይም 10 ነጥብ ድረስ መፈተሹ ዛሬ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሌላ እያንዳንዱ ተመራማሪ በእጁ የሚይዛቸው ጥቂት «ክፉ» ግራፎች አሉ። ከሁሉ ዝነኛው የፒተርሰን ግራፍ ነው፤ 10 ነጥብና 15 መስመር አለው፣ ከእያንዳንዱ ነጥብ 3 መስመር ይወጣል። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ቀለም እንዳይገናኝ መስመሮቹን በ3 ቀለም ማቅለም አይቻልም፤ ሁሉንም ነጥቦች አንድ አንድ ጊዜ ጎብኝቶ ወደ መነሻ መመለስም አይቻልም። ብዙ መልካም የሚመስሉ ግምቶች እሱ ላይ ሲደርሱ ይወድቃሉ።

ትንንሽ ግራፎች ላይ መሥራቱ ግን ዋስትና አይደለም። ቴት በ1884 አንድ ግምት አቀረበ፦ ከእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ጠርዝ የሚወጣበት፣ ጠፍጣፋ ገጾች ያሉት ጠጣር ቅርጽ ሁሉ ነጥቦቹን አንድ አንድ ጊዜ የሚዞር መንገድ አለው። 62 ዓመት ቆመ። በ1946 ዊልያም ታት 46 ነጥቦች ያሉት ቅርጽ ሠርቶ አፈረሰው። ታት መጀመሪያ የኬሚስትሪ ተማሪ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሌችሊ ፓርክ የጀርመኑን የሎሬንዝ መሣሪያ አሠራር መሣሪያውን ሳያይ የደረሰበትም እሱ ነው። ሄደትኒየሚ በ1966 የገመተው ስለ ግራፎች ብዜት ቀለም ደግሞ 53 ዓመት ቆይቶ በ2019 በያሮስላቭ ሺቶቭ ፈረሰ፤ ማፍረሻው ጥቂት ገጾች ብቻ ነበር፣ የተጠቀመባቸው ግራፎች ግን እጅግ ግዙፍ ናቸው። እንዲህ ያለውን ምሳሌ በኮምፒውተር ከታች ወደ ላይ እየቆጠሩ መድረስ አይታሰብም።

ማረጋገጫ የሚሰበርበት ቦታ

ጀማሪ ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት ከትንሽ ወደ ትልቅ መሥራት ነው። ምሳሌው ይህ ነው። «እያንዳንዱ ነጥብ ቢያንስ አንድ መስመር ካለው ግራፉ ወጥ ነው፤ ከየትኛውም ነጥብ ወደየትኛውም መድረስ ይቻላል» የሚል ሐሰት እንውሰድ። «ማረጋገጫው» እንዲህ ይላል፦ ለ2 ነጥቦች እውነት ነው። እንዲህ ያለ ወጥ ግራፍ ላይ አንድ ነጥብ እንጨምር፤ አዲሱ ነጥብ ቢያንስ አንድ መስመር ስላለው ከነባሮቹ ከአንዱ ጋር ይያያዛል፤ ስለዚህ አዲሱም ግራፍ ወጥ ነው። አነጋገሩ ያሳምናል። ነገር ግን 4 ነጥቦችን ወስደን ሁለት ሁለቱን በተለያየ መስመር ብናያይዝ እያንዳንዱ ነጥብ መስመር አለው፣ ግራፉ ግን ለሁለት የተከፈለ ነው።

ስህተቱ ያለው «ትልቁ ግራፍ ሁሉ ከትንሹ ላይ ነጥብ በመጨመር ይገኛል» ብሎ ዝም ብሎ መቀበሉ ላይ ነው። ከአራቱ ነጥቦች አንዱን ብናነሳ ጓደኛው መስመር አልባ ይቀራል፤ ስለዚህ የቀረው ግራፍ መነሻ ሁኔታችንን አያሟላም። ትክክለኛው ልማድ ከትልቁ መነሳት ነው፦ ትልቁን ውሰድ፣ አንድ ነጥብ አንሳ፣ የቀረው መነሻውን ማሟላቱን አረጋግጥ፣ ከዚያ መልስ። በተግባር ብዙ ተመራማሪዎች ይህንን ገልብጠው ይጽፉታል፦ ግምቱን የሚያፈርስ ትንሹ ግራፍ አለ እንበል ብለው ይጀምሩና፣ ከእሱም ያነሰ አፍራሽ እንዳለ አሳይተው እርስ በርሱ እንዲጣረስ ያደርጉታል።

አዋቂዎችም ይሳሳታሉ። ካርታ ላይ የሚዋሰኑ አገሮች አንድ ቀለም እንዳይኖራቸው 4 ቀለም ይበቃል የሚለውን ጥያቄ ፍራንሲስ ጉትሪ በ1852 አነሳው። በ1879 አልፍሬድ ኬምፕ ማረጋገጫ አሳተመ፤ 11 ዓመትም ተቀባይነት አግኝቶ ቆየ። ሐሳቡ ውብ ነው። እያንዳንዱ አገር ነጥብ ይሁን፣ የሚዋሰኑትም በመስመር ይያያዙ፤ ካርታው ግራፍ ሆነ። አንዱ መስመር ሌላውን ሳያቋርጥ ወረቀት ላይ በሚሳል እንዲህ ባለ ግራፍ ውስጥ 5 ወይም ከዚያ በታች ጎረቤት ያለው ነጥብ ሁልጊዜ ይገኛል። እሱን እናንሳ፣ ሌላውን በ4 ቀለም እናቅልም፣ ከዚያ እንመልሰው። ጎረቤቶቹ 4 ሆነው ቀለማቸው በዙሪያው ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ነው እንበል። ከቀዩ ጎረቤት ተነስተን በቀይና በሰማያዊ ነጥቦች ብቻ እየተረማመድን የምንደርስባቸውን ሁሉ እንሰብስብ። ሰንሰለቱ ሰማያዊው ጎረቤት ካልደረሰ በሰንሰለቱ ውስጥ ቀይን በሰማያዊ፣ ሰማያዊን በቀይ እንለውጣለን፤ ለመካከለኛው ነጥብ ቀይ ተለቀቀ። ከደረሰ ደግሞ ሰንሰለቱ አጥር ሆኖ አረንጓዴውን ከቢጫው ይለያል፤ ስለዚህ በአረንጓዴና በቢጫ መለዋወጥ ይቻላል።

እስከዚህ ምንም እንከን የለውም። ስብራቱ ጎረቤቶቹ 5 ሲሆኑ ነው። እዚያ ኬምፕ ሁለት ልውውጦችን በአንድ ጊዜ አደረገ። እያንዳንዱ ልውውጥ ብቻውን ትክክል ነው፤ ከሁለቱ ሰንሰለቶች ግን አንዱ ሌላውን ሊያቋርጥ ይችላል፣ የመጀመሪያው ልውውጥም ሁለተኛው የተመካበትን አጥር ሊያፈርሰው ይችላል። ፐርሲ ሂውድ በ1890 ይህ በትክክል የሚፈጠርበትን ካርታ አሳየ፤ በዚያው ጽሑፍ የኬምፕን ዘዴ ተጠቅሞ 5 ቀለም ሁልጊዜ እንደሚበቃ አረጋገጠ። «በተመሳሳይ መንገድ» የሚል ሐረግ ሲያጋጥመው የግራፍ ቲዎሪ ገምጋሚ የሚቆመው ለዚህ ነው፤ ሁለት ትክክል እርምጃዎች አብረው ትክክል መሆናቸው ለብቻው መረጋገጥ አለበት።

ጥያቄው በ1976 በኬኔት አፔልና በቮልፍጋንግ ሃከን ሲፈታ ከ1,000 ሰዓት በላይ የኮምፒውተር ሥራ ጠይቋል። ብዙዎች በዓይን ሊያረጋግጡት ባለመቻላቸው ቅር ተሰኝተው ነበር። በ1997 ሮበርትሰን፣ ሳንደርስ፣ ሲሞርና ቶማስ የሚፈተሹትን ቅርጾች ወደ 633 አወረዱ፤ በ2005 ደግሞ ዦርዥ ጎንቲዬ ማረጋገጫውን ከጥግ እስከ ጥግ በወቅቱ «ኮክ» ይባል በነበረ የማረጋገጫ ፕሮግራም አስመረመረው።

ከረቂቅ እስከ ሕትመት

ጽሑፉ ሲያልቅ «አርካይቭ» በተባለው የቅድመ ሕትመት ማኅደር ላይ ይወጣል፤ ቀዳሚነት የሚመዘገበውም በተግባር እዚያ ነው። ከዚያ ወደ ጆርናል ይላካል፤ የግራፍ ቲዎሪ ጆርናል፣ የኮምቢናቶሪያል ቲዎሪ ጆርናል ተከታታይ ቢ እና ኮምቢናቶሪካ በዘርፉ ከታወቁት ናቸው። ገምጋሚዎች እያንዳንዱን መስመር ስለሚያጣሩ መልስ እስኪመጣ ስድስት ወር መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ከዓመት በላይም ይወስዳል። ሥራ ለሚፈልግ ጀማሪ ይህ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ቀጣሪዎች ያልታተመ ረቂቅንና የምስክርነት ደብዳቤን አብረው ይመዝናሉ። የደራሲያን ስም የሚደረደረው በፊደል ተራ ነው። ከሌላ ሳይንስ የመጣ አንባቢ የመጀመሪያውን ስም ዋና ሠሪ አድርጎ ቢወስድ ይሳሳታል።

አብሮ መሥራት በዚህ ዘርፍ ሥር የሰደደ ነው። ኤርዶሽ 1,500 ያህል ጽሑፎችን ከ500 በላይ ከሆኑ ሰዎች ጋር ጽፏል። ግን ሁሉም በዚህ መንገድ አይሄድም። ኒል ሮበርትሰንና ፖል ሲሞር ከ1983 እስከ 2004 በታተሙ 20 ተከታታይ ጽሑፎች አንድ ሕንፃ ገነቡ። ያረጋገጡት ይህ ነው፦ ነጥብ ወይም መስመር በማንሳትና መስመርን በመጨበጥ (ሁለቱን ጫፎቹን አንድ ነጥብ በማድረግ) የማይጠፋ የግራፍ ጠባይ ሁሉ በውስን የተከለከሉ ግራፎች ዝርዝር ይገለጻል። ጠባዩ «መስመር ከመስመር ሳይቋረጥ ወረቀት ላይ ይሳላል» የሚል ከሆነ ዝርዝሩ 2 ግራፎች ብቻ ነው፤ በወረቀት ፈንታ ፕሮጀክቲቭ የሚባለው ሌላ ዓይነት ገጽ ከሆነ 35 ነው። ቀዳዳ እንዳለው ቀለበት ለመሰለው ገጽ ግን ከ17,000 በላይ ተገኝቷል፣ ገናም አላለቀም። ዝርዝሩ ውስን መሆኑ ይታወቃል፤ ማረጋገጫው ግን እንዴት እንደሚገኝ አይናገርም።

ከዚያ በተቃራኒ ሃኦ ሁዋንግ በ2019 ለ30 ዓመት ያህል የቆየ ጥያቄ በጥቂት ገጾች ፈታ። በ4 ልኬት ያለ ኩብ 16 ነጥብ አለው፤ ግማሹን፣ 8ቱን፣ አንዳቸውም እንዳይያያዙ መምረጥ ይቻላል። አንድ ብቻ ጨምረን 9 ብንመርጥ ግን ከተመረጡት ውስጥ ቢያንስ 2 ጎረቤት ያለው ነጥብ የግድ ይኖራል። በአጠቃላይ ከግማሽ በላይ ሲመረጥ የጎረቤቱ ብዛት ከልኬቱ ስኩዌር ሩት አያንስም። ሁዋንግ ለኩቡ መስመሮች የመደመርና የመቀነስ ምልክት ሰጠ፤ በሁለት እርምጃ የሚራራቁ ነጥቦች በትክክል ሁለት መንገድ ስላላቸው አንዱ ሌላውን እንዲያጠፋው አደረገ። የቀረው በሊኒየር አልጀብራ የታወቀ ነገር ነበር። በአንድ ትጥቅ ብቻ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለውን በር አያየውም፤ ለዚህም ነው ተማሪዎች ከግራፍ ውጭ አልጀብራና ፕሮባቢሊቲ በጥልቀት እንዲማሩ አጥብቀን የምንመክረው።

የራምሴ ጥያቄም ቢሆን አልተኛም። ኤርዶሽና ሴከሬሽ በ1935 ያሳዩት ወሰን በግምት 4ን በቡድኑ መጠን ያህል ጊዜ ማባዛት ነበር። ከ80 ዓመት በላይ ብዙዎች ጠርዙን ቢሞርዱትም 4 የሚለው ቁጥር ከቦታው አልተነቃነቀም። በ2023 ካምፖስ፣ ግሪፊዝስ፣ ሞሪስና ሳሃስራቡዴ ከ4 በታች አወረዱት፤ የቀነሱት ከመቶኛ ያነሰ ነው፣ ግን ሰባሪው እርምጃ እሱ ነበር። ጽሑፉ በጆርናል ግምገማ ላይ እያለ ባቪክ ሜታ ማረጋገጫውን «ሊን» በተባለ ፕሮግራም ቋንቋ እንደገና ጽፎ እያንዳንዱን እርምጃ በማሽን አጣራው።